ጉማሬው ጋሪ የሚነዳበት ከተማ

ባለፈው ጥር ለቅሶ ልደርስ አርባ ምንጭ ሄጄ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የአባቴ ሱቅ ድሮ በነበረበት መስመር አለፍኩ። ከሱቁ ጎን የነበረችው ጠባብ ክፍል አሁን ፀጉር ቤት ሆናለች። በሩ ላይ አንዲት ሴት በሰፊ መጥበሻ አሣ ትጠብሳለች፤ ውስጥ ደግሞ የፀጉር መቁረጫው ማሽን ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ውሎ ግሏል። የአሣ ዘይትና የጋለ ፕላስቲክ አንድ ላይ ሸተተኝና ቆምኩ። ፀጉር ቆራጩ ብቅ ብሎ «እህቴ፣ ልጅ ልታስቆርጪ ነው?» አለኝ። «አይ» ብዬ አለፍኩ። ሰው ሁሉ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ አፉ ማር ይሆናል። የኔ መራራ ነው፤ የሚመረውም ከዚያች ክፍል ጀምሮ ነው።

ያኔ ክፍሏ ጌም ቤት ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ጀማል አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቆ ቤት ሲቀመጥ፣ አባቴ «ሥራ ፈቶ ከሚዞር» ብሎ ሁለት አሮጌ ቴሌቪዥንና ሁለት የጌም ማሽን ከመርካቶ አመጣለት። አባቴን ሰፈሩ በሙሉ ስሙን ትቶ ሀጂ ነው የሚለው። የስልጤ ሰው ነው፤ ክር ይነግዳል። ከአዲስ አበባ ድርና ማግ እያመጣ ለደጋ ሸማኔዎች፣ እዚያው አዲስ አበባ ላሉትም ያከፋፍላል። ቤታችን ከወለል እስከ ጣራ የክር ጥቅል ስለነበር፣ እኔ ክር ላይ ተኝቼ ክር ላይ ቁርአን ቀርቼ ነው ያደግኩት።

ሴት ልጅ ጌም ቤት አትገባም። እኔ ግን የቤቱ ልጅ ነኝና ማን ይከለክለኛል? ሥራም ነበረኝ፤ ተራ አስጠብቃለሁ፣ ጆይስቲክ እጠርጋለሁ። ተራ የሚያዘው በቆርኪ ነው። የመጣ ልጅ ሁሉ የራሱን ቆርኪ መስኮቱ ላይ ይደረድራል፤ አንዱ ጠርዙን ያጠፈ፣ አንዱ በምስማር የወጋ፣ አንዱ ቀለም የቀባ። የማን ቆርኪ የማን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለማታለል የሚሞክር ከተገኘ ቆርኪውን አንስቼ ወደ ቦዩ እወረውራለሁ፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ብዙም አይወዱኝም ነበር።

ቶማ ቆርኪ አልነበረውም፤ ሳንቲም የሌለው ልጅ ቆርኪ ምን ያደርግለታል? አራተኛ ክፍል አብረን እንማራለን። ወላጆቹ ከጨንቻ በላይ ደጋው ላይ ናቸው፤ እሱ ለትምህርት ብሎ ሲቀላ አክስቱ ጋ ወርዷል። አክስቱ ወይዘሮ ደስታ ከጫሞ የሚመጣውን አሣ እየገዛች እኛው በር ላይ ትጠብሳለች። ቶማ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጌም ቤቱ በር ላይ ይቆማል።

ዕድሉ የተከፈተው በስህተት ነው። አባቴ የኳስ ጌም ብሎ የገዛው አንዱ ሲዲ ውስጡ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ኳስ የለውም። ካርቱኖች ናቸው፤ ባለ አራት ጎማ ጣውላ ላይ ቆመው ከተማ ለከተማ ይንሸራተታሉ። ትልቅ ጭንቅላት ያላት ልጅ አለች፣ ኮፍያ ገልብጦ ያደረገ ጥንቸል አለ፣ ጢሟን የተጎነጎነች ፍየል አለች፣ ሱሪው ከቦርጩ ላይ የሚወርድበት ጉማሬ አለ። ከደረጃ ላይ ይዘላሉ፣ ድልድይ ብረት ላይ ይንሸራተታሉ። ሲወድቁ ጥርሳቸው ይረግፍና መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ከዚያ ለቅመው መልሰው ይተክሉትና ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ስሙ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ማንም አላነበበውም። እኛ የጋሪው ጌም አልነው።

ትልልቆቹ ልጆች «የሕፃን ነው» ብለው ናቁት። ጀማል ማሽኑ ያለ ሥራ ከሚቆም ብሎ ለቶማ ለቀቀለት፤ በምትኩ ቶማ ለቤታችንም አንድ ጀሪካን ውሃ ያመጣል። ያ ልጅ ጆይስቲክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ አንገቱን የሚደፋው ልጅ፣ እዚህ ጀርባው ቀጥ ይልና አውራ ጣቶቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። አይቸኩልም፣ አይጮህም። ፍየሏን ሲጥላት ብቻ ይረሳና «ፍየሏ ወደቀ! ሰሚራ እይ፣ ፍየሏ ወደቀ!» ይላል። እኛ በአማርኛው እንስቃለን። እሱም «አንቺ በጋሞኛ ውሃ እንኳን መለመን አትችይም» ብሎ አፌን ያስይዘኛል።

ክረምቱ ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ የኳሱ ቴሌቪዥን ባዶ ሆነ። ሁሉም ቶማ ትከሻ ላይ ተደርቦ ያያል። መብራት ሲሄድ ጨዋታው ሁሉ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ከተማ ይጀመራል፤ አርባ ምንጭ ውስጥ ደግሞ መብራት የማይሄድበት ቀን የለም። ሌላው ልጅ ጆይስቲኩን ወርውሮ ይወጣል። ቶማ ግን መብራቱ እስኪመጣ ጨለማው ውስጥ ጸጥ ብሎ ይቀመጥና እንደገና ይጀምራል። ጆይስቲኩ አሣ አሣ ይሸታል። በሎሚ ልጣጭ ብፈትገውም አይለቅም።

ያ ከተማ አዲስ አበባ ነው ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ግን ማንም አልተጠራጠረም። ሚሊኒየሙ ሊገባ ነውና ቴሌቪዥኑ ማታ ማታ አዲስ አበባን ያሳየናል፤ መንገድ በመንገድ ላይ ተደርቦ፣ ውሃ ወደ ላይ እየተረጨ፣ መብራቱ ቀይ አረንጓዴ እየሆነ። ጌሙ ውስጥ ያለውም እሱው ነው። ስለ ጉማሬው ብቻ ክርክር ተነሳ። «አዲስ አበባ ጉማሬ ከየት ታመጣለች?» አለ አንዱ። ቶማ ረጋ ብሎ መለሰለት፤ «ከጫሞ ሄዶ ነው። እዚህ ምን ያደርጋል? እዛ ሱሪ ገዙለት፣ ጋሪ ሰጡት።» አመንን። ከእኛ ዘንድ ሄዶ የተለወጠ ሰው ብዙ እናውቃለን፤ ጉማሬስ ለምን ይቅርበት?

ቶማ ጋሪውን ራሱ ሠራ። ከጋራዥ ያረጀ ኩሽኔታ ለምኖ ጣውላ ላይ ገጠመና፣ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው ቁልቁለት ጫፍ ላይ ወጣ። የብረቱ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል፤ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ይሸሹለታል። መጀመሪያ ቀን መታጠፊያው ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ሮጠን ስንደርስ እያለቀሰ አልነበረም። ጥርሱን አንስቶ፣ በምራቁ አጥቦ፣ ድዱ ውስጥ እየገፋ ነበር። ሲተወው ተመልሶ ይወድቃል። «ቆይ፣ ይይዛል» ይለናል፤ እኛም ከበነው እስኪይዝ እንጠብቃለን። አክስቱ መጥታ በጆሮው ጎትታ ወሰደችው።

ከዚያ መስቀል ደረሰ። መስቀልን ከቤቱ ውጭ የሚውል የጋሞ ሰው የለም። አዲስ አበባ ያሉት ሸማኔዎች በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገባሉ፤ አውቶቡስ ተራው ጣራው ላይ ሻንጣና ፍራሽ በተጫነበት መኪና ይጨናነቃል። የሚወርዱት ሁሉ ጫማቸው ያበራል። እኛ ልጆች የምናውቀው አዲስ አበባ ይኼ ነበር፤ ጫማ።

ጋሽ ማቴዎስ የሚባለው የቶማ አባት ታላቅ ወንድም በዚያ ሳምንት መጣ። በዚያ ሙቀት የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ ሞባይሉን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብዙ ሸማኔ የሚሠራበት ግቢ አለው ይባላል። የአባቴ ደንበኛም ስለሆነ መጀመሪያ ሱቃችን ገብቶ ሻይ ጠጣ። ከዚያ «የወንድሜ ልጅ የታለ?» ብሎ ወደ ጌም ቤቱ መጣ።

በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ልብ ብዬዋለሁ። ሁሉም ሰው ቴሌቪዥኑን ሲያይ እሱ ቴሌቪዥኑን አላየም። የቶማን ጣቶች ነው ያየው። ረጅም ጊዜ አየ። መብራት ሄደ፤ ልጆቹ ተንጫጩ፤ ቶማ እንደ ልማዱ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ። ጋሽ ማቴዎስ ይህንንም አየ። ለወይዘሮ ደስታ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገራትና ወደ ጀማል ዞሮ፣

«ይሄ ልጅ እጅ አለው» አለ። «ቁጭ ማለትም ያውቃል። እግሩስ?»

እኛ ነን የመለስነው። ሁላችንም በአንድ አፍ «እግሩማ!» ብለን ጮህን። ጋሪውን ከአሣው ምድጃ ጀርባ አወጣንና ቶማን እየገፋን ወደ ቁልቁለቱ ወሰድነው። ሁለት እግሩን አፈራርቆ እየገፋ፣ ሚዛኑን ሳይስት፣ በባጃጆቹ መሃል ወርዶ አጎቱ ጫማ ፊት ቆመ። ጋሽ ማቴዎስ ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ራሱን ዳበሰው። «ጎበዝ! አዲስ አበባ ይዤህ ነው የምሄደው» አለ።

የዚያን ቀን የነበረው ደስታ! ቶማ ተመረጠ። ለምን እንደተመረጠ የጠየቀ የለም፤ ለጋሪው ነዋ! እጁን አየ፣ እግሩን አየ፣ ወሰደው። ሌላ ምን ማብራሪያ ያስፈልገናል? እኔም ወንድ ባለመሆኔ በቅናት ተቃጠልኩ። ማታ ፍራሼ ላይ ሆኜ ቶማ ከጉማሬው ጎን ሲንሸራተት አየሁ።

አባትየው ከደጋ ወረደ። ሽማግሌዎች ወይዘሮ ደስታ ግቢ ተቀመጡ፤ አባቴም ጎረቤት ስለሆነ ተጠራ። እኔ አጥሩ ስር ነበርኩ። ንግግሩ ረጅም አልነበረም። ሙያ ይማራል፣ በማታ ትምህርቱን ይቀጥላል፣ በየመስቀሉ ይመጣል ተባለ። የቶማ አባት መሬት መሬት እያየ «እሺ» አለ። እናቱ ደጋ ናት፤ እሷን የጠየቀ የለም። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ነጭቶ ያዘና ተነሳ፤ ሌሎቹም ሳር ይዘው ተነሱ። እኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተናገረ ነገሩ አለቀ። በዚያ ሳር ጠብ በርዷል፣ ዱላ የያዘ ጎረምሳ ከመንገድ ተመልሷል። ያን ዕለት ግን አራተኛ ክፍልን ገና የጨረሰ ልጅ ተሸኘበት። «መንገድህ ይለምልም» አሉት። ቶማም አንገቱን ደፍቶ ተመረቀ።

አባቴ ከዚያ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። እናቴ ውሃ እያቀረበችለት፣

«ምን አልክ?» አለችው።

«ምን እላለሁ?»

«አንተ ቤቱን ታውቀዋለህ። ክር ስታደርስ ትገባለህ። ልጆቹን አይተሃል።»

«ሳር ከተያዘ በኋላ ይናገራል? እኔ እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳ? እዚህ ወልደህ፣ እዚህ እናትህን ቀብረህ?»

«ዝም አይነቅዝም» አለ አባቴ፤ እጁን ታጥቦ ለሶላት ተነሳ። እኔ ስለምን እንደሚያወሩ አልገባኝም። አባቴ ቶማን ከጉዞው ሊያስቀረው ፈልጎ ሽማግሌዎቹ ያሸነፉት መስሎኝ፣ በሽማግሌዎቹ ደስ አለኝ።

ቶማ የሄደው ጎህ ሲቀድ ነው። የክፍላችን ልጆች አውቶቡስ ተራ ወጥተን ነበር። ጋሪውን በጉያው ይዞ መጣ፤ ጋሽ ማቴዎስ «ተወው፣ እዛ ከዚህ የተሻለ አለ» ሲለው ለአክስቱ መለሰላት። በመስኮት ብቅ ብሎ «ጉማሬውን ሳገኘው ጫሞ ደህና ነው እለዋለሁ» አለኝ። የጎደለ ጥርሱ ታየ። ወይዘሮ ደስታ ኩሽኔታውን ለጋራዡ መለሰች፤ ጣውላውን ፈልጣ አሣ ጠበሰችበት። እንጨት ውድ ነው።

ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «ቶማ» ሲባል ሁላችንም «አዲስ አበባ ገብቷል!» እንላለን። አስተማሪያችን «ጎበዝ ነው» ብሎ ያልፋል። ወደ ኋላ ላይ ስሙን መጥራት ተወ። ጌም ቤት ሌሎች ልጆች የጋሪውን ጌም ሞከሩ፤ ቶማ የደረሰበት ከተማ የደረሰ ግን አልነበረም። እኔ በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፌ የአዲስ አበባን መንገድ እቃኛለሁ። ከሰልፈኛው፣ ከዘፋኙ፣ ከባንዲራው መሃል ቶማን እፈልጋለሁ። አንዴ አንድ ልጅ ከጀርባው አይቼ «ያው! ያው!» ብዬ ጮኼ ቤቱን አስደነገጥኩት።

አባቴ ክር ሊያመጣ ሲሄድ «ቶማን ካየኸው ሰላም በልልኝ» እለዋለሁ። ሲመለስ «ከተማው ሰፊ ነው» ይለኛል። በበልጉ ዝናብ ሰሞን ግን እራት ላይ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ዕቃ ላነሳ በሩ ጋ ደርሼ ነበር።

«ደስታ ጋ የነበረውን ልጅ አየሁት» አለ።

«እንዴት ነው?»

«እግሩ አጭር ነው። እንጨት አስረውለታል» አለ።

እናቴ የያዘችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «ያ አላህ» አለችና ሌላ ምግብ አልቀመሰችም። እኔ እንደገና ጥርሱ እንዳይወልቅ የፈራችለት መሰለኝ። ሳቄን አፍኜ ወጣሁ፤ ጠዋት እስኪሆን ድረስ እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም።

ሲነጋ ጌም ቤት ገብቼ መሃል ላይ ቆምኩ። «ስሙ! ቶማ እግሩ ላይ እንጨት ታስሮለታል! አባቴ በዓይኑ አይቶታል!» አልኩ። ጩኸቱን ብትሰሙ! የታሰረ ነው፤ እንደኛው ኩሽኔታ የሚንሸራተት አይደለም፤ ቢዘልም ከእግሩ አይወልቅም። አንዱ ተነስቶ እንዴት እንደሚዘል አሳየን። ሁለት ልጆች ጫማቸው ላይ ጣውላ በሲባጎ አስረው ከደረጃው ዘለሉ። ጀማል ብቻ አልሳቀም። ወንድሜ ከአባቴ ጋር አንድ ሁለቴ ለክር ሄዶ ያውቃል። ጆይስቲኩን ከልጁ እጅ ተቀበለና «መብራቱ እየወረደ ነው፣ ማሽኑን ያቃጥልብኛል፣ ውጡ» አለ። መብራቱ ግን አልወረደም ነበር። ያን ቀን ስሰድበው ዋልኩ።

ቀጣዩ መስቀል መጣ፤ ቶማም መጣ። ጫማው ያበራል፣ ሱሪው አዲስ ነው። ሰፈሩ «ቀላ! አማረበት! አዲስ አበባ ተስማማው!» አለ። እውነትም ፊቱ ነጣ ብሏል፤ እኛ በፀሐይ ከሰል ስንመስል እሱ ጥላ ውስጥ እንደበቀለ ቡቃያ ሆኗል። በቁመት ግን እኔ አለፍኩት። አማርኛውም አልተለወጠም፤ እዛው ፍየሏ ወደቀ ላይ ነው። ጀማል የጋሪውን ጌም ከፍቶ ጆይስቲኩን አቀበለው። ቶማ ያዘው፣ አየው፣ መልሶ ለሌላ ልጅ ሰጠው።

ከሱቁ ጀርባ ወሰድኩት። እኔ ክር ጥቅሉ ላይ ወጣሁ፤ እሱ «እኔ እዚህ ይሻለኛል» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጋሪህን ለምን አላመጣህም?» አልኩት።

«የምን ጋሪ?»

«እግርህ ላይ የታሰረልህን።»

የማሾፍበት መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። እንደማላሾፍ ሲያውቅ አዲሱን ጫማ አወለቀ። እግሩ ላይ ገመድ የበላው ቦታ አለ፤ ቆዳው ጠቁሮ ተላልጦ እንደገና ደርቋል።

«ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብለን ነው የምንሠራው» አለ። «ከታች መርገጫ አለ። የኔ እግር አይደርስም። እንጨት በገመድ ያስሩልኛል። ስገባ ይታሰራል፣ ስወጣ ይፈታል።»

«መቼ ነው የምትወጣው?»

«ሲመሽ።»

ገመዱ የበላው ላይ ዓይኔ ቀረ። እንጨት ታስሮለታል ብዬ ጌም ቤት መሃል የጮህኩት፣ ልጆቹ ያጨበጨቡት፣ ጣውላ አስረው የዘለሉት ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። እንደምንም ብዬ «ከተማውስ? ልክ እንደ ጌሙ ነው?» አልኩት። ቢያንስ እሱ እውነት እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

«አላየሁትም» አለ።

«እንዴት አላየህም? ዓመት ሙሉ ኖረህ?»

«ስንደርስ መሽቶ ነበር። እኔ ደግሞ መስኮት ጋ አልነበርኩም። ከዛ ግቢ ገባን። እሁድ ቸርች አለ፣ እሱም እዛው ከጓሮ ነው። ስንመጣም ሳይነጋ ነው የወጣነው።» ጫማውን መልሶ አደረገ። ስለ ጉማሬው አልጠየቅኩትም።

ቶማ ብቻውን አልነበረም የመጣው። ከደጋ አባቱና ታናሽ ወንድሙ ካሳ ለበዓሉ ወርደዋል። ካሳ ሲቀላን ራሱ ያየው ያን ሳምንት ነው፤ ባጃጅ ሲያልፍ ተከትሎ ይሮጣል። ጋሽ ማቴዎስም «ሁለት ወንድማማች ሲሆኑ ይበረታታሉ» እያለ ሲያወራ ሰማሁ። ያኔ ገባኝ። ሮጬ አባቴ ጋ ሄድኩ።

«አባ፣ ቶማ አዲስ አበባን አላየውም! እግሩን በገመድ ነው የሚያስሩት! ካሳንም ሊወስዱት ነው፣ ንገራቸው!»

አባቴ ክር እየመዘነ ነበር። «ድምፅሽን ቀንሺ» አለኝ።

«አንተ አይተሃል እኮ!»

«እኔ ብናገር ክሩን ከሌላ ይገዛሉ» አለ ሚዛኑን ሳይለቅ። «ልጆቹ ግን አይቀሩም፤ ይሄዳሉ።»

እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ንግግሩን የምመልስበት ቃል እፈልጋለሁ። ልክ ነበር። ልክ ስለነበረም ነው ይቅር ያላልኩት። ዝም አይነቅዝም ይላል አባቴ፤ የሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄቱ ቤታችን ውስጥ ሲበተን ነው ያደግኩት።

እኔው ራሴ ለካሳ እነግረዋለሁ ብዬ ጌም ቤት ተመለስኩ። ካሳ የጋሪው ጌም ፊት አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ጉማሬው ደረጃ ላይ ሲዘል ይጮሃል። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው «አዲስ አበባ ነው እኮ ይኼ፣ ወንድምህ እዚህ ነው ያለው» ይሉታል። ካሳ ወደ ቶማ ዞረና በጋሞኛ ጠየቀው። ከዚያ እኛም እንድንሰማ በተሰበረ አማርኛ ደገመው፤

«እውነት ነው? እንዲህ ነው?»

ጋሽ ማቴዎስ በሩ ላይ ቆሟል። ቶማ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ወንድሙን አየ።

«አዎ» አለ። «ልክ እንደዚህ ነው።»

ልጆቹ ተንጫጩ። ካሳ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሳ። እኔ ቶማን ክንዱን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኩት፤ አሣው ምድጃ ጋ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።

«ለምን ዋሸህ? አጎትህን ፈርተህ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ለምን?»

«እዛ ማንም አያወራኝም» አለ። «እኔ ብቻዬን አልችልም፣ ሰሚራ።»

የምሰድበው አጥቼ እሱን ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ግን እያለቀሰ ነበር። ጥርሱ ወልቆ ድዱ ውስጥ ሲገፋው እንኳን አላለቀሰም ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ፣ እርጥብ ሳር ነጩ፣ መረቁ። አባቴ ተጠርቶ ሄደ፤ ሄዶም ዝም አለ። እኔ አጥሩ ስር አልሄድኩም። የሚሉትን አውቀዋለሁ።

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ልጆቹ ተሰብስበው ካሳን «ጋሪ ላክልን!» ይሉታል። ቶማ አስቀድሞ ገብቶ መስኮት ጋ ተቀምጦ ነበር። ካሳ ሲገባ ተነሳና ቦታውን ለቀቀለት፤ መጋረጃውንም በእጁ ሰብስቦ ያዘለት። ካሳ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጠፈ። አውቶቡሱ ተነሳ። አዲስ አበባ የሚደርሰው ሲመሽ ነው።